ወገቡ የሚታጠፍ ባቡር

ከቢጠና እስከ ወላይታ ሶዶ፣ ከሶዶም ቁልቁል እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ አንድ ክንድ የባቡር ሐዲድ የለም። የአካባቢው ሰው ባቡር ያየው አዲስ አበባ ሲሄድ ወይም በፊልም ነው። የመታጠፊያን ነገር ግን ማንም አያስተምረውም። ተሳቢ የጎተተ የጭነት መኪና ጠባብ ኩርባ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ የማዶውን መስመር ጭምር ይወስዳል፤ ረዳቱ ወርዶ የሚመጣውን ያስቆማል፤ የተሳቢው የኋላ ጎማ የመንገዱን ጠርዝ እየላሰ ያልፋል። ባቡር እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የሚበደረው ትርፍ መንገድ ስለሌለ ሐዲዱ በሄደበት ይሄዳል፣ ካልቻለም ይወድቃል። ተራራ ለመውጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ በእንፋሎት ዘመን ጉልበት ማለት ትልቅ ቦይለርና ብዙ ጎማ ያለው ረጅም ሎኮሞቲቭ ነበር። የተራራ መንገድ ደግሞ ረጅም ነገር አይወድም።

ይህ ጠብ ክፉኛ ከከረረባቸው ቦታዎች አንዱ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው መስመር ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከአውሮፓ ስለሆነ ከዚያው እንነሳ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

አናቶል ማሌ የተወለደው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ የሠራው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ1876 ከባዮን ወደ ቢያሪትዝ በሚሄደው አጭር መስመር ላይ አንዱን እንፋሎት ሁለት ጊዜ የሚጠቀም ሎኮሞቲቭ አስኬደ። እንፋሎቱ መጀመሪያ በትንሹ ሲሊንደር ውስጥ ይገፋል፤ ጉልበቱ ሲቀንስ ወደ ትልቁ ሲሊንደር አልፎ የቀረውን ይሠራል። የድንጋይ ከሰል ቁጠባ ነበር ዓላማው። በ1884 ግን ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ወደ ሌላ ችግር ተሻገረ፤ ወደ መታጠፊያው።

የባቡር ጎማ እንደ መኪና ጎማ ለየብቻው አይዞርም። ግራና ቀኙ በአንድ የብረት ዘንግ ላይ ተጣብቀው አንድ ላይ ይዞራሉ። ራዲየሱ 70 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ባቡሩ ሩብ ክብ ሲታጠፍ፣ ሐዲዱ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው፣ የውጪው ሐዲድ ከውስጠኛው በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ስለሚዞሩ አንዱ መንሸራተት አለበት። በጠባብ ኩርባ ላይ የሚሰማው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት የብረት በብረት ላይ መንሸራተት ድምፅ ነው። ፉጨቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅባት ያስታግሰው ነበር። የባሰው የርዝመት ነገር ነው። ተከታታይ ጎማዎች በአንድ ግትር ሻሲ ላይ ተደርድረው ከፊተኛው እስከ ኋለኛው 4.5 ሜትር ቢሆኑ፣ በዚያው የ70 ሜትር ኩርባ ላይ መካከለኞቹ ጎማዎች ከሐዲዱ መስመር 36 ሚሊሜትር ፈቀቅ ማለት ይጠበቅባቸዋል። ይህን ያህል ቦታ የለም። ወይ ሐዲዱ ይለጠጣል፣ ወይ ጎማው ይዘላል። ርቀቱን ወደ 1.5 ሜትር ብታሳጥረው ግን ፈቀቅታው 4 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ርዝመቱ ወደ ሲሶ ሲወርድ ጣጣው ወደ ዘጠነኛ ይወርዳል ማለት ነው። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ማሌ ሎኮሞቲቩን ከቦይለሩ በታች ለሁለት ከፈለው። የኋለኛው ክፍል እንደ ቀድሞው ከቦይለሩ ጋር በጥብቅ ተያይዟል። የፊተኛው የራሱ ሻሲ፣ የራሱ ሲሊንደርና የራሱ ጎማዎች ኖረውት በአንድ ወፍራም ማጠፊያ ከኋለኛው ጋር ይገናኝና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። የቦይለሩ አፍንጫ ቅባት በጠጣ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ በፊተኛው ሻሲ ላይ ይንሸራተታል። የሰውየውን ብልሃት የማደንቀው ግን በእንፋሎቱ ቧንቧ ነው። ከቦይለሩ የሚወጣው ኃይለኛ እንፋሎት የሚሄደው ወደማይንቀሳቀሰው ወደ ኋላ ሲሊንደር ነው። ወደሚዞረው ወደ ፊት ክፍል የሚያልፈው ጉልበቱ የበረደው እንፋሎት ብቻ ነው። የሚታጠፍ የቧንቧ መጋጠሚያ በዚያ ዘመን ማፍሰሱ የታወቀ ነበር፤ ደካማውን መጋጠሚያ ለደካማው እንፋሎት ሰጠው። ለቁጠባ የታሰበው ነገር መታጠፊያውንም ፈታ። በ1889 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የዲኮቪል ኩባንያ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ እነዚህን ትንንሽ ባለ ማጠፊያ ሎኮሞቲቮች ለሕዝብ አስኬደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በቀይ ባሕር ዳር ሌላ ጉዳይ ነበር። ኢጣሊያ በ1885 ምጽዋን ያዘች። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህል የኢጣሊያ ወታደሮችን ደመሰሱ። ኢጣሊያኖች ከዚያ ሽንፈት የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ስንቅና ጦር በግመል ጀርባ ሲጓዝ እንደሚዘገይ ነበር። በዚያው ዓመት ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1888 እስከ ሰሐጢ ያለው 27 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለቀ። ሐዲዱ የተወለደው ለጦር ነው። እስከዚህ ድረስ ምድሩ ሜዳማ ስለሆነ የመታጠፊያ ጣጣ የለም።

ከዓድዋ በኋላ የኢጣሊያ መንግሥት ወደ ደቡብ ማየቱን ትቶ የያዘውን ማደራጀት ያዘ። በኤርትራ ቅኝ ገዢው በፈርዲናንዶ ማርቲኒ ዘመን ዋና ከተማው ከምጽዋ ሙቀት ወደ አስመራ ብርድ ተዛወረ። ወደብ ታች፣ ከተማ ላይ ሆነ፤ በመካከላቸው ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ። መስመሩ በ1901 ማይ አጣል፣ በ1904 ጊንዳዕ፣ በ1910 ነፋሲት ደረሰ። አስመራ የገባው በ1911 ነው። ከወደቡ እስከ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመሥራት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ጠመዘዘ? ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ተራራን በረጅም ዋሻ መብሳት ይቻላል፤ ገደልን በረጅም ድልድይ መዝለል ይቻላል፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። ርካሹ መንገድ የተራራውን ጎን ተከትሎ ሸለቆ ሲገባ አብሮ መግባት፣ አፋፉ ሲወጣ አብሮ መውጣት ነው። የሐዲዱን ስፋት ወደ 95 ሳንቲሜትር አጠበቡት፤ ጠባብ ሐዲድ ጠባብ ኩርባ ይችላል። እንዲህም ሆኖ ወደ 30 የሚጠጉ ዋሻዎች ማስቆፈር አልቀረላቸውም። ድንጋዩን የፈነቀለው፣ አፈሩን የተሸከመው የአገሩ ሰው ነው፤ ስሙ በጣቢያዎቹ ግድግዳ ላይ አልተጻፈም። ውጤቱ በመቶ ሜትር 3.5 ሜትር የሚወጣ ዳገትና 70 ሜትር ብቻ ራዲየስ ያለው ኩርባ ሆነ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ባቡሩ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይጎትታል፣ ወደ ጎንም ከሐዲዱ ጋር ይፋተጋል። የግንባታ ወጪውን የቆጠበ መንግሥት ዕዳውን ለሎኮሞቲቩ አስተላለፈ።

በዚያው ዘመን በደቡብ በኩል ሌላ ውሳኔ ተወስኖ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1894 ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ግን ከአቅም በላይ ሆነና ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ፤ በ1902 ባቡር የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ሐረር ባቡር ሳታይ ቀረች፣ ከእግሯ ሥር አዲስ ከተማ በቀለ። የገንዘብ ቀውስ ሥራውን የጀመረውን ኩባንያ አፈረሰው፤ በአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራው ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር። ያም መስመር ኩርባና ዳገት ሞልቶት ነበር። ልዩነቱ የአዲስ አበባው መስመር ተራራውን በተቻለ መጠን መሸሹ፣ የአስመራው ግን መሸሻ ማጣቱ ነው።

አስመራ ላይ ታዲያ የማሌ ሐሳብ ቦታውን አገኘ። የጄኖቫው አንሳልዶ ፋብሪካ ለኤርትራ መስመር 440 የተባለውን ተከታታይ ባለ ማጠፊያ ሎኮሞቲቭ ሠራ። አራት ጎማ በፊተኛው ሻሲ፣ አራት ጎማ በኋለኛው አለው፤ ተሸካሚ ጎማ የለውም። ውኃውና የድንጋይ ከሰሉ በራሱ ላይ ስለሆነ ከኋላ የሚጎተት የውኃና የከሰል ጋሪ (ቴንደር) የለውም፤ የተሸከመው ክብደት ሁሉ ጎማውን ወደ ሐዲዱ ይጫናል፤ ለዳገት የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከእነዚህ መካከል በ1915 የተሠራው 440.008 ዛሬም አለ። ሐዲዱ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1932 ቢሻ ደረሰ።

ከዚያ 1935 መጣ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን ምጽዋ ላይ ስታራግፍ ጠባቡ ሐዲድ የሚችለውን ያህል ሸክም ተሸከመ፤ አልበቃም። በጎኑ የመኪና መንገድ ሠሩ፣ በ1937 ደግሞ ከምጽዋ አስመራ በአየር ላይ የሚሄድ 72 ኪሎ ሜትር ያህል የገመድ መንገድ ዘረጉ። ገመድ ኩርባ አያውቅም፤ ተራራውን በላዩ ይዘለዋል። ለመንገደኛ ከፊያት ፋብሪካ የመጡት ሊቶሪና የተባሉ ፈጣን የነዳጅ ባቡሮች ገቡ፤ ቀላልና አጭር ስለሆኑ ኩርባውን ያለ ጭንቅ ይዞሩታል። ከባዱን ጭነት ግን ያኔም እንፋሎት ነበር የሚጎትተው። በ1938 አንሳልዶ የመጨረሻውንና ኃይለኛውን ልጁን ላከ፤ 442ን።

442ን ከጎን ቆሞ ላየው ሰው መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የሲሊንደሮቹ መበላለጥ ነው። ከአፍንጫው ሥር ያሉት ሁለቱ ትልልቅ በርሜሎች ናቸው፤ ከወገቡ ላይ ያሉት ሁለቱ ግን አነስ ይላሉ። ትንንሾቹ መጀመሪያ የሚበሉት፣ ትልልቆቹ ትርፉን የሚበሉት ናቸው። ሎኮሞቲቩ ኩርባ ውስጥ ሲገባ የፊተኛው ሻሲ ሐዲዱን ተከትሎ ይታጠፋል፤ ቦይለሩ ግን ከኋለኛው ሻሲ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የዚህን ጊዜ አፍንጫው ከራሱ ጎማዎች ወጥቶ ወደ ኩርባው ውጪ ይንጋደዳል። መጀመሪያ ያየው ሰው ባቡሩ ሊወድቅ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ማሺኒስቱ ግን ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ያያል። ማሺኒስቱን የሚያሳስበው ጎማው በባዶ መሽከርከሩ ነው። ሐዲዱ በጉም ሲረጥብ ከፊተኛውና ከኋለኛው አንደኛው ቀድሞ ያመልጣል፤ የዚያን ጊዜ እንፋሎቱን ቀንሶ ከጎማው ፊት አሸዋ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ሁለት ሞተር ያለው ነገር ሁለት ጠባይ አለው።

ሚያዝያ 1941 እንግሊዞች አስመራና ምጽዋ ገቡ። የገመዱን መንገድ ኋላ ፈትተው ወሰዱት፤ የባቡሩንም የምዕራብ ጫፍ አሳጠሩት። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የማሌ ሐሳብ የመጨረሻውን ግዙፍ መልክ ያዘ። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ለተራራማው መስመሩ ቢግ ቦይ የተባለውን ሎኮሞቲቭ አሠራ። 25 ተሠሩ፤ አንዱ ከነቴንደሩ 40 ሜትር ይረዝማል፣ ከ540 ቶን በላይ ይመዝናል። ስሙን የሰጠው አንድ ስሙ ያልታወቀ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ በጠመኔ አፍንጫው ላይ ጻፈበት። ማሌ ቢያየው አንድ ቅሬታ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አሜሪካኖቹ እንፋሎቱን ሁለቴ መጠቀሙን ትተው ለአራቱም ሲሊንደር ኃይለኛውን ሰጡ፤ መጋጠሚያዎቹ በዚህ ጊዜ ተሻሽለው ነበርና። ማጠፊያውን ግን አልተዉትም። ያ ሁሉ ግዙፍነት የሚችለው ጠባቡ ኩርባ 88 ሜትር ያህል ራዲየስ ነው። አስመራ ላይ ግን 70 ነው። በዚህ በኩል ትንሹ 442 ይበልጠዋል።

ሌላ መፍትሔ ደግሞ ከደቡብ ጎረቤታችን አለ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ጋራት በ1907 ቦይለሩን በመካከል አንጠልጥሎ ከፊትና ከኋላ ሁለት የሚዞሩ ሞተሮች የሚያደርግ ንድፍ አስመዘገበ። ኩርባ ላይ የማሌ አፍንጫ ወደ ውጪ ሲወጣ፣ የጋራት ቦይለር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ክብደቱ ወደ ሚዛን ይመለሳል ማለት ነው። በ1955 በሞምባሳና ናይሮቢ መካከል በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ መሥራት የጀመሩት 34 ጋራቶች እያንዳንዳቸው 250 ቶን ገደማ ይመዝናሉ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ስም ተጠርተዋል። ከወላይታ ተነስቶ ሞያሌን የተሻገረ መንገደኛ ናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ቢገባ አንዱን ቆሞ ያገኘዋል።

ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ መስመሩም ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት መጣ። በ1957 ከጀርመኑ ክሩፕ የዲዝል ሎኮሞቲቮች ገቡ። የአዲስ አበባው መስመርም በ1950ዎቹ እንፋሎቱን በዲዝል መተካት ያዘ። አስመራ ላይ ግን 442ቶቹ አልጠፉም። ዲዝል ለዳገት ጥሩ ነው፤ ግን ስንት ዲዝል ነው የተገዛው? የድሮው ብረት ሥራውን ቀጠለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የኤርትራ የነፃነት ጦርነት ሲበረታ መስመሩ ተዘጋ። ሐዲዱና የብረት መሸከሚያው ተነቅሎ ለምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆነ። ለጦር የተሠራውን ሐዲድ በመጨረሻ ጦርነት በላው።

በ1994 ኤርትራውያን መልሰው መዘርጋት ጀመሩ። የውጭ ኩባንያ ሳይሆን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነበር። ከምሽጎቹ ሐዲዱን ፈልቅቀው፣ የተጣመመውን አቃንተው፣ የአስመራውን ጋራዥ ከፍተው የቆሙትን ሎኮሞቲቮች ፈትተው አጠቡ። መሐንዲሶች በንድፍ ቢሮ የሚያሰሉትን እነሱ በእጃቸው ያውቁታል፤ ማጠፊያው የት ላይ እንደሚላላ፣ የቱ ኩርባ ላይ ሐዲዱ ትንሽ ሰፋ መደረግ እንዳለበት፣ የውጪው ሐዲድ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት። በ2003 ባቡር አስመራ ደረሰ፤ ከፊት የነበሩት 442ቶች ናቸው። በእኔ ፍርድ በዚህ ሁሉ ትረካ ትልቁ የምህንድስና ሥራ ይህ ነው።

በእኛ በኩል በ2010ሩ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ዘመን ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ የሚወርድ የባቡር መስመር በካርታ ላይ ተሠመረ፤ መሬት ላይ ግን አልተነጠፈም። ከሻሸመኔ አርባ ምንጭ በመኪና የሚሄድ ሰው ሶዶን ያልፋል፤ ከሶዶ ወደ አባያ የሚወርደውን ቁልቁለት ያየ ሰው መሐንዲሱ ምን እንደሚጠብቀው አይጠፋውም። ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፤ የዛሬ መስመር ኩርባውን ሰፊ አድርጎ ዋሻና ድልድይ ያበዛል፤ ዕዳውን ከሎኮሞቲቩ ላይ አንሥቶ ለባንክ ያስተላልፋል።

በትንሹ ዓለም ግን ጠቡ አላለቀም። የጀርመኑ ማርክሊን በ1891 በላይፕሲግ ገበያ ላይ በስፋት የተወሰነ የሞዴል ሐዲድ ካቀረበ ወዲህ፣ ሎኮሞቲቭን አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ ማስኬድ የብዙ ሰው ፍቅር ሆኗል። ሞዴል ሠሪው የአንድ ቤት ክፍል ብቻ ነው ያለው። እውነተኛውን 87 ጊዜ በሚያሳንሰው ኤች-ኦ በተባለው ሚዛን፣ በማርክሊን የተለመደው ጠባቡ ኩርባ 36 ሳንቲሜትር ራዲየስ አለው። ወደ እውነተኛው ልክ ሲመለስ 31 ሜትር ያህል ነው፤ የአስመራው ኩርባ ግማሽ እንኳን አይሞላም። በ1968 የመጣው ትልቁ የኤል-ጂ-ቢ ሞዴል ደግሞ 22.5 ጊዜ ያሳንሳል፤ ሐዲዱ የድሮውን የአንድ ሜትር የጅቡቲ ሐዲድ በልክ ይወክላል፤ ጠባቡ ኩርባው 60 ሳንቲሜትር፣ በእውነተኛው 13.5 ሜትር ብቻ ነው። ቢግ ቦይን በእንዲህ ያለ ኩርባ ላይ ለማስኬድ ሞዴል ሠሪዎች ማሌን እንኳ አልፈው ሄዱ። በብዙ ሞዴሎች ላይ የፊተኛው ብቻ ሳይሆን የኋለኛውም ሻሲ ይዞራል። የመካከለኛ ጎማዎች ውስጠኛ ጠርዝ ይቆረጣል፤ ይህን ዘዴ እንግሊዞች በትልቁ ባለ አሥር አንቀሳቃሽ ጎማ የ9ኤፍ ሎኮሞቲቫቸው ላይም ተጠቅመውበታል። ዘንጎቹም ወደ ጎን ፈቀቅ እንዲሉ ትንሽ ልቅ ይደረጋሉ። እንዲህ ሲደረግ ሞዴሉ ከሐዲዱ አይወጣም፤ ግን አፍንጫው ከኩርባው ውጪ ይንጠለጠልና ዋሻውን ይገጫል፣ የጣቢያውን አጥር ይጠርጋል።

የምጽዋ–አስመራን መስመር በሞዴል ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች ካላችሁ፣ እንዲህ አድርጉ። ዋሻና ጣቢያ ከመለጠፋችሁ በፊት በረጅሙ ሎኮሞቲቭ አፍንጫና በመካከሉ ጎን እርሳስ በፕላስተር እሰሩ፤ በኩርባው ላይ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። እርሳሱ የሚሥለው ሁለት መስመር ባቡሩ የሚጠርገውን ቦታ ይነግራችኋል፤ ከእነዚያ መስመሮች ውስጥ ምንም ነገር አታቁሙ። በኤች-ኦ ሚዛን የድሮውን የጅቡቲ ሐዲድ የሚወክለው 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ለአስመራው 95 ሳንቲሜትር ሐዲድም የሚቀርበው እሱ ነው። የ442ን 70 ሜትር ኩርባ በትክክል መቅዳት ከፈለጋችሁ ራዲየሱ 80 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሙሉ ክብ የሚዞር ሐዲድ ከጠርዝ ጠርዝ 1.60 ሜትር ይፈልጋል፤ የመጠበቂያ ጠርዝ ሲጨመርበት ጠረጴዛው ከ1.80 ሜትር ማነስ የለበትም። እንጨቱን ከመቁረጣችሁ በፊት የበራችሁን ስፋት ለኩ።